«1930ዎቹ» የትኞቹ ናቸው? (በኮሪደራችን ላይ በተሰቀሉት የአዲስ አበባ ፎቶግራፎች ላይ የቀረበ ሂስ)

ግጥም ሲነበብልን ሁላችንም ሐያሲ ነን። ልብ ወለድ ሲወጣ እንኳን ታሪኩ ነጠላ ሰረዙም አያመልጠንም። ፎቶግራፍ ፊት ስንቆም ግን ምላሳችን ይተሳሰራል፤ «ወይ ማማር!» ብለን እናልፋለን። ለምን ይሆን? ግጥም ሰው የፈጠረው ነው፣ ፎቶ ግን ያው የነበረው ነው የሚል እምነት ስላለን ይመስለናል። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ከዚሁ «ያው የነበረው» ከሚሉት ነገር ጋር ነው።

በዚህ ሴሚስተር መጀመሪያ ላይ ጥቂት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ከኪሳቸው አዋጥተው የጥንት አዲስ አበባ ፎቶግራፎችን አሳተሙና በመማሪያ ክፍሎቻችን ኮሪደር ላይ ሰቀሉ። ቁጥራቸው ሠላሳ ነው። አብዛኞቹ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተነሡ ሲሆኑ ጥቂቶቹ ከዚያ በፊት የነበሩ ናቸው። ልፋታቸውን እናደንቃለን፤ አሰላ ላይ እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይገኝም። ምክንያታቸውም ይገባናል። በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ የፒያሳ ቤቶች ፈረሱ፤ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የድሮ ፎቶ ያልተላከለት ስልክ የለም። (አንዱ ጓደኛችን እንዳለው፣ የኮሪደር ልማት ያፈረሰውን እኛ ኮሪደር ላይ ሰቀልነው።) ሰው የሞተበት ቤት የሟቹን ፎቶ አውጥቶ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ ከተማ የፈረሰበትም ፎቶ ቢያወጣ አያስገርምም። ነገር ግን ለቅሶ ቤት የሚቀመጠውን ፎቶ የሚመርጡት ቤተሰቦቹ ናቸው። እነዚህን ሠላሳዎቹንስ ማን መረጣቸው? ያሳተሙት ልጆች ናቸው እንዳንል፣ እነሱ ያገኙት ሌላ ሰው መርጦ ካስቀረው ላይ ነው።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ከፎቶዎቹ ሥር የተጻፉትን መግለጫዎች እንያቸው። በአሥራ አንዱ ሥር «አዲስ አበባ፣ 1930ዎቹ» ይላል፤ ሌላ አንዲት ቃል የለም። የትኞቹ 1930ዎቹ? በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ፣ አሥሩ ዓመት የሚጀምረው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በጫኑባት ነፃ ከተማ ነው፤ ሳይገባደድም በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የባዶሊዮ ሠራዊት ይገባል። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ደግሞ 1930 ዓ.ም. ሲብት ወራሪው ከተማዋን ከያዘ ዓመት ከመንፈቅ ሊሆነው ነው፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ይመለሳሉ፤ የቀረው ስድስት ዓመት የሌላ ዘመን ነው። አንዲቱ «1930ዎቹ» እንግዲህ ሦስት ከተማ ታቅፋለች፦ ነፃዪቱን፣ የተያዘችውንና ነፃ የወጣችውን። የዓመት ነገር ተራ ነገር ይመስላል። ፈተና ላይ ቢሆን ግማሽ ነጥብ ተቀንሶ ይታለፍ ነበር። እዚህ ግን ዓመቱ ሲጠፋ ባለቤቱም አብሮ ይጠፋል።

ማስረጃውን ከዚያው ከኮሪደሩ እንውሰድ። አራተኛው ፎቶ የለገሃር ባቡር ጣቢያ ነው። መግለጫው «በጣሊያን የተሠራ» ይለዋል። እሱማ ስሙ ራሱ ፈረንሳይኛ አይደለም እንዴ! ጣቢያው የኢትዮጵያና የፈረንሳይ የምድር ባቡር ኩባንያ ሲሆን የተመረቀው ኅዳር 1922 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ሲገባ የቆየ ጣቢያ ነው ያገኘው። ሰባተኛው የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሱም «የጣሊያን ሥነ ሕንፃ» ተብሏል። በርግጥ ካስታኛ የሚባል ጣሊያናዊ መሐንዲስ እጁ አለበት። ነገር ግን ሰውየው የሠራው ምኒልክን እያገለገለ ነው፤ ሕንፃው ያለቀውም ከወረራው ከሃያ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ይባስ ብሎ ደግሞ ፋሺስቶች በየካቲት 1929 ይህንኑ ቤተ ክርስቲያን በእሳት ለቀውበታል። ያቃጠለውን ሰው ሠሪ ብሎ መጻፍ ምን ይባላል? የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልም ከአድዋ ድል በኋላ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ የተሠራ ነው። በአራዳ ዙሪያ ያሉት በረንዳቸው የተንጠለጠለ የእንጨትና የድንጋይ ቤቶች ብዙዎቹ የአርመን፣ የሕንድና የግሪክ ነጋዴዎችና አናጢዎች ከአገሬው ሠራተኛ ጋር የሠሯቸው ናቸው። ጣሊያን ጥሎልን የሄደው ስሙን ነው፤ አራዳን «ፒያሳ» አለው፣ እኛም ከስሙ ተነሥተን ቤቱንም የሱ አደረግንለት። የወረራው ዘመን ሕንፃ ፒያሳ አልነበረም ማለታችን አይደለም፤ ነበረ። የትኛው የማን እንደሆነ ሳይለይ ሁሉም በአንድ ጆንያ መግባቱ ነው ያልጣመን።

አሁን ወደ መራጩ እንመለስ። ከወረራው ዘመን ፎቶዎች አብዛኞቹ የሉቼ ናቸው። ሉቼ እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመ፣ በሙሶሊኒ መንግሥት እጅ የነበረ የፊልምና የፎቶግራፍ ድርጅት ነው። ስሙ የአራት ቃላት መነሻ ፊደል ሆኖ «የትምህርታዊ ሲኒማ ኅብረት» እንደማለት ነው፤ ፊደሎቹ ተገጣጥመው ሲነበቡ ግን በጣሊያንኛ «ብርሃን» ማለት ይሆናሉ። አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጁ እ.ኤ.አ. በ1935 ለምሥራቅ አፍሪካ ብቻ የተለየ ክፍል አቋቁመው አስመራ ላይ አስቀመጡት። ካሜራው ከመድፉ ጋር አብሮ ነው የተሰለፈው። የትኛው ፎቶ ለጋዜጣ ይውጣ፣ የትኛው መሳቢያ ውስጥ ይቅር የሚለውም በፎቶ አንሺው ፈቃድ የሚወሰን አልነበረም።

ይህን ይዘን ከፎቶዎቹ ፊት ስንቆም መጀመሪያ ዓይናችን ውስጥ የሚገባው የመንገዱ ባዶነት ነው። ከአሥራ ሁለተኛው እስከ አሥራ ስድስተኛው ያሉትን ተመልከቱ፦ ሰፊ መንገድ፣ አዲስ ሕንፃ፣ ከበስተጀርባ የእንጦጦ ጋራ፤ ሰው ግን የለም፤ ቢኖርም የጉንዳን ያህል ነው። አንዳንዱ «ያኔ ካሜራው ቀርፋፋ ስለነበር የሚንቀሳቀስ ሰው አያወጣም» ብሎ ሲያስረዳ ሰምተናል። ይህ ለጥንቱ፣ በፈረንጅ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ለነበረው ካሜራ እውነት ነው። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ፎቶ አንሺዎች የያዙት ግን የሚሮጥ ፈረስ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም መሣሪያ ነው። እንዲያውም እዚያው ሃያ አንደኛው ፎቶ ላይ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ እጃቸውን ወደ ላይ ሲሰነዝሩ አንዲት ጣት እንኳ አልደበዘዘችም። ስለዚህ መንገዱን ባዶ ያደረገው ካሜራው ሳይሆን ሰዓቱ ነው፣ ወይም ትእዛዙ ነው። ጥላዎቹን እዩ፤ ረዣዥም ናቸው። ገና ጧት ነው ወይም ሊመሽ ነው። አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው እኩለ ቀን ላይ ባዶ መንገድ እንደማያገኝ ፎቶ አንሺውም ሳያውቅ አልቀረም።

ባዶነቱ ደግሞ እንዲያው ለውበት ያህል አልተፈለገም። ለ ኮርቡዚዬ የሚባለው ዝነኛ የሥነ ሕንፃ ሰው እ.ኤ.አ. በ1936 ለአዲስ አበባ ንድፍ ሠርቶ ለሙሶሊኒ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ሰውየው ኢትዮጵያን ረግጧት አያውቅም። ንድፉ ላይ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር የሚሰነጥቅ አንድ ታላቅ ጎዳና አለ፤ የነበረችው ከተማ፣ የነበረው ሰው፣ ሰፈሩ፣ ደብሩ፣ ገበያው የሉም፤ ነጭ ወረቀት ነው። ሙሶሊኒ አልቀጠረውም። ሥራው የተሰጠው ለጉዊዲና ለቫሌ ነው፤ የነሱም ማስተር ፕላን ነጩን በአንድ ወገን፣ «አገሬውን» በሌላ ወገን የሚያሰፍር ነበር። በጊዮርጊስ ዙሪያ ይቆም የነበረው የአራዳ ገበያ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ለአገሬው ወደተመደበው ሰፈር ተወሰደ፤ የዛሬው መርካቶ መነሻው ይኸው ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ካዛንቺስ፣ ለተራው ጣሊያናዊ ከተሠሩት ፖፖላሬ ስማቸውን አገኙ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1937 ከጥቁር ሴት ጋር በትዳር መልክ የኖረን ጣሊያናዊ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ሕግ ወጣ። እንግዲህ ባዶው መንገድና ይህ ሕግ የአንድ ሐሳብ ሁለት ገጽ ናቸው። አንዱ በወረቀት የከለከለውን ሌላው በፎቶ የተፈጸመ አስመስሎ ያሳያል።

«የተፈጸመ አስመስሎ» ያልነው ያለ ነገር አይደለም። ከማስተር ፕላኑ የተሠራው ጥቂቱ ነው። ገንዘቡ ለጦርነቱና ለመንገዱ ሄደ፣ አርበኛው እረፍት ነሳ፣ አምስት ዓመቱም ቶሎ አለቀ። ለዚህ ነው የአዲስ አበባው ፎቶ ከአስመራው ጋር ሲነጻጸር ጠባብ የሚሆነው። አስመራ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የቅኝ ግዛት ዋና ከተማ ስለነበረች ተሠርታ አልቃለች፤ ፎቶ አንሺው ወደ ኋላ አፈግፍጎ ሙሉ ጎዳና ማንሣት ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ግን ሁለት ክንድ ወደ ግራ ቢሄድ ጎጆው ይገባበታል፣ ሁለት ክንድ ወደ ቀኝ ቢሄድ ያልተጀመረው መሠረት ይታይበታል። ስለዚህ አንዱን ሕንፃ ቀጥ አድርጎ ከታች ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ሰማይ ብዙ፣ መሬት ጥቂት። እኛ «ያኔ እንዴት ያለች ከተማ ነበረች» ብለን የምንናፍቃት ዋና ከተማ አብዛኛው ክፍሏ በፎቶ የተሠራች ናት። ሲሚንቶው ያልደረሰበትን ካሜራው ሞላው።

ስለ ሲሚንቶ ካነሣን አሥራ ሰባተኛውን ሳናነሣ አናልፍም። «ጣሊያኖች መንገድ ሲሠሩ» ይላል። ፎቶው ላይ የሚታዩት ጣሊያኖች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ካርታ ይዟል፣ ሌላው ወገቡን ይዟል። ድንጋዩን የሚጠርቡትና የሚሸከሙት ሃያ ሦስት ሰዎች (ቆጥረናቸዋል) አገሬዎች ናቸው። በርግጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጣሊያናውያን የቀን ሠራተኞችም መጥተው ላባቸውን አፍስሰዋል፤ ያም አይካድም፤ የድኻ ልጅ የትም አገር ያው ነው። ነገር ግን ማን እንደሠራው ማወቅ የፈለገ ፎቶውን ትቶ ወደ ማንኛውም የግንባታ ቦታ ይሂድ። ፌሮ፣ ሊሾ፣ ኮርኒስ፣ ላሜራ፣ ቡሎን፣ ካቦ። እነዚህ የጣሊያንኛ ቃላት በግንበኛውና በቀን ሠራተኛው አፍ ቀሩ እንጂ በመኳንንቱ አፍ አልቀሩም። ቃል የሚለመደው ሲሠሩበት ነው። የሉቼ መዝገብ ያልያዘውን የሠራተኛውን ስም አማርኛ ባይዝልን እንኳ መዳፉን ይዞልናል።

የሌለውስ? ከሠላሳው ፎቶ አንድም ስለ የካቲት 12 የለም። ከወረራው ዘመን አዲስ አበባ ላይ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ተነሥቶ ምን ቀረ ሊባል ነው? አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ለሦስት ቀን ሰው በየቤቱ ታረደ፣ ጎጆ ከነሰዉ ተቃጠለ። ኢትዮጵያ ያቀረበችው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው፤ ኢያን ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው መጽሐፍ ወደ 19,000 ይገምተዋል። ለሉቼ ይህ ለሕዝብ የሚታይ ነገር አልነበረም። ፎቶው ግን አለ! ያነሡት ራሳቸው ወታደሮቹና ሲቪሎቹ ጣሊያኖች ናቸው፤ በኪስ ካሜራ፣ ለማስታወሻ ብለው፣ አንዳንዱም ከሬሳ አጠገብ ቆሞ። ካምቤል ከተጠቀመባቸው ማስረጃዎች መካከል እነዚህ ይገኛሉ። የመንግሥት ካሜራ የደበቀውን የተራው ወታደር ጉራ አወጣው ማለት ነው። ጓደኞቻችን ይህን ያልሰቀሉት ሊደብቁ ፈልገው ነው አንልም። «ሥነ ሕንፃ» የሚል ርእስ ስላወጡ ሬሳ ከርእሱ ወጣባቸው። የተቃጠለ ጎጆስ ሥነ ሕንፃ አይደለም ወይ? በከተማዋ ከየትኛውም የቤት ዓይነት ይልቅ ብዙ ሰው ያደረበት እሱ ነው።

ከሠላሳው የተሻለው የቱ ነው ብትሉን ያለ ማመንታት ሃያ ስድስተኛውን እንጠቁማለን። በቅርብ ዘመን የተነሣ፣ ከሌሎቹ ጋር የማይሄድ የሚመስል የቀለም ፎቶ ነው። ስድስት ኪሎ፣ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ። ያ ቦምብ የተወረወረበት ግቢ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠ ነው፤ ቤተ መንግሥቱም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መኖሪያ ሆነ። ከሕንፃው ፊት ወደ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ከሮም ጉዞ (እ.ኤ.አ. 1922) ጀምሮ ያለፈውን አንዳንድ የፋሺስት ዓመት ይቆጥራል። ከነፃነት በኋላ አላፈረሱትም። ከጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። አንበሳዪቱ ያን ያህል የተዋጣች ቅርጽ አይደለችም፤ ድመት ትመስላለች ያለም አለ። ግን ደረጃውን ሙሉ በሙሉ ሌላ ዓረፍተ ነገር አድርጋዋለች። ዓመቱም አልተፋቀ፣ ማን እንደሠራውም አልተካደ፣ መጨረሻውም ተጽፏል። ኮሪደሩ ላይ ያሉት መግለጫዎች ከዚህች አንበሳ ቢማሩ ብለን ተመኘን።

ሥነ ጽሑፍም ይህን ሥራ ሞክሮታል። መዓዛ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመችው፣ በማግስቱም ዓመት ለቡከር ሽልማት እጩዎች ዝርዝር የበቃው «ዘ ሻዶው ኪንግ» የሚጀምረው እዚያው አራተኛው ፎቶ ላይ ባየነው ባቡር ጣቢያ ውስጥ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1974 ነው፤ ሂሩት የምትባል የቀድሞ አርበኛ ፎቶ የሞላበት ሣጥን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ፎቶዎቹን ያነሣው ኤቶሬ የሚባል ጣሊያናዊ ወታደር ነው፤ እስረኞች ወደ ገደል ከመወርወራቸው በፊት እያቆመ ያነሣቸው ነበር። ደራሲዋ በልብ ወለዱ መካከል ፎቶግራፍን በቃል ብቻ የሚገልጹ አጫጭር ክፍሎች አስገብታለች። የሚገርመን እነዚህ ናቸው። ዓይን በአንድ ሰከንድ የሚያልፈውን ምስል ቃል ሲገልጸው ያዘገየዋል፤ እጇ የት ነው፣ የምታየው ማንን ነው፣ ገመዱን የያዘውስ? እያለ ያስቆጥራል። ደራሲዋ ራሷ ከጣሊያን የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች የወታደር ፎቶዎችን እየገዛች ማሰባሰቧም ይታወቃል። የልብ ወለዱ ቋንቋ አንዳንድ ቦታ ከመጠን በላይ ያጌጠ ነው፤ ውጊያው ሁሉ እንደ ቅኔ ማኅሌት ይዘመራል። ፎቶ ላይ ሲደርስ ግን ይረጋጋል፣ ያምራልም።

ደግሞ ጣሊያንን ብቻ ከሰን የራሳችንን ቤት አንዝለል። ከወረራው በፊት የተነሡት የኮሪደሩ ፎቶዎች በአብዛኛው የቤተ መንግሥት ዓይን ናቸው። ቦያጂያኖች፣ አባትየው ቤድሮስ ከዚያም ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ፣ የነገሥታቱ ፎቶ አንሺዎች ነበሩ፤ ድንቅ ባለሙያዎች ናቸው፤ ግን ደጅ የሚጠኑት ቤተ መንግሥት ነው። ዘርቮስ የተባለው ግሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1936 ያወጣው ፎቶ የሞላበት ዳጎስ ያለ መጽሐፍ በርእሱ «የዘመናዊት ኢትዮጵያ መስታወት» ይባላል። መስታወቱን ማን እንደያዘው ግን መጠየቅ ያባት ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት ፍል ውኃው ዳር ፊንፊኔ ብሎ የሚጠራት ኦሮሞ ከብቱን ያጠጣ ነበር፤ እሱን የሚያሳይ አንድም ፎቶ ኮሪደሩ ላይ የለም። አሰላ ላይ ቆመን ይህን ሳንል ብንቀር ነውር ነው። በዚያው በ1870ዎቹ መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ልትቆረቆር በተቃረበችበት ወቅት፣ አኖሌ ላይ የሆነው የእጅና የጡት ቆረጣ በአርሲ ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሯል። ሐውልቱ በ2006 ዓ.ም. ሄጦሳ ላይ ሲቆም ምን ያህል ክርክር እንዳስነሣ እናውቃለን፤ ከክርክሩም አንዱ «ማስረጃው የታለ?» የሚል ነበር። ፎቶ ያለው ሁሉ እውነት፣ ፎቶ የሌለው ሁሉ ተረት ከሆነ ታሪክ የሚጻፈው ካሜራ መግዛት ለቻለ ብቻ ነው።

የኛው አገር ደግሞ በሌላ መልኩ ይህንኑ ያውቀዋል። በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው ካዱ እ.ኤ.አ. በ1967 ጭላሎ አውራጃ ላይ ሥራ ጀመረ፤ ማዳበሪያ፣ ምርጥ የስንዴ ዘር፣ የተዳቀለ የወተት ላም አመጣ። በጎ ሥራው ብዙ ነው። ግን እርሻው ሲያዋጣና ትራክተሩ ሲመጣ ባለመሬቱ ጭሰኛውን እያፈናቀለ ማሳውን ራሱ ያዘው። በትራክተሩ ፎቶ ውስጥ ጭሰኛው አይታይም፤ ከፎቶው የወጣው ከመሬቱ ሲወጣ ነው። መሬት ላራሹ የታወጀው ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.። ሁለቱም «1967» ናቸው! በመካከላቸው ከሰባት ዓመት በላይ አለ፤ የተፈናቀለው ቤተሰብ ዕድሜ ማለት ነው። ከአንድ ፎቶ ሥር «አሰላ፣ 1967» ብሎ የሚጽፍ ሰው የትኛውን መጻፉ ይሆን?

አዘጋጆቹ ይህን ሐሳባችንን ቀደም ብለው ሰምተው «ታዲያ ማማሩን ማድነቅ ኃጢአት ነው?» ብለውናል። አይደለም። የአስመራ ሰው ፊያት ታሊየሮንና ሲኒማ ኢምፔሮን ሲወድ ሙሶሊኒን መውደዱ አይደለም፤ ከተማዋ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ የተደሰተው ባለቤቱ ነው፣ ድንጋዩን የተሸከመው አያቱ ስለሆነ። የኛ ቅሬታ ፎቶዎቹ አማሩ አይደለም። ከነመግለጫቸው ተሰቅለው የቀሩት ሕንፃዎች ራሳቸው የፈረሱ መሆናቸው ነው። ቤቱ ቆሞ ሳለ መግለጫ ቢሳሳት፣ አንድ አላፊ አግዳሚ ሽማግሌ «ኧረ ልጆች፣ ይህማ የአርመኑ ቤት ነው» ብለው ያርሙ ነበር። አሁን ቤቱ የለም፤ ሽማግሌውም ከሰፈሩ ተነሥተው ከከተማዋ ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ከእንግዲህ የሚመሰክረው ወረቀቱ ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለውም የሉቼ ዓይንና የእኛ «1930ዎቹ» ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይኸን ነው። ፎቶዎቹ አይውረዱ። ከለገሃሩ ሥር 1922 ዓ.ም. ይጻፍ። ጊዮርጊስ ሥር የተሠራበትም የተቃጠለበትም ዓመት ይግባ። አሥራ ሰባተኛው «ሃያ ሦስት ሠራተኞችና ሁለት ተቆጣጣሪዎች» ይባል። ዘጠነኛው ላይ፣ ሁሉም የሚያደንቀው አዲሱ ሕንፃ በቀኝ ሆኖ ሳለ፣ በግራ ጠርዝ ግማሽ አካሏ የተቆረጠ እንጨት ተሸካሚ ሴት አለች፤ ፎቶ አንሺው አላያትም ወይም ትወጣልኛለች ብሎ ጠብቋት አልወጣችለትም። መግለጫው ከእርሷ ይጀምር። የየካቲት 12 ፎቶ አንድ እንኳ ይጨመር፤ የሚከብደው ሰው ፊቱን ማዞር ይችላል።

ኮሪደሩ ላይ ከሃያ ስምንተኛው በኋላ ገና አራት ሜትር ያህል ባዶ ግድግዳ አለ። አዘጋጆቹ ለአሰላ እንዲሆን ፈቅደዋል። በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ፣ ወይም በከተማው አሮጌ ፎቶ ቤቶች ዘንድ፣ የአሰላን፣ የበቆጂን፣ የኢተያን ወይም የሁሩታን መንገድና ቤት የሚያሳይ ፎቶ ያላችሁ እስከ ሴሚስተሩ አጋማሽ አምጡ፤ ቅጂው ተወስዶ ይመለስላችኋል። ስታመጡ አባባንና እማማን ጠይቃችሁ ከጀርባው በእርሳስ ጻፉበት፦ የቆሙት እነማን ናቸው፣ ቤቱን የሠራው ማን ነው፣ ማን ይኖርበት ነበር። ዓመቱም ይጻፍ፤ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጭምር።